የመኪና ዘይት

ዘነቡ ሞተር ሳይክሉን ለስምንት ዓመት ስትነዳው አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥሏት አያውቅም። ገሱባ ላይ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆና ስትመደብ ከቀጠራት የከብት ልማት ፕሮጀክት የተረከበችው ነው፤ ያኔም አዲስ አልነበረም። ከእሷ በፊት ይነዳው የነበረው ሰው ወንበሩን ቀዶ፣ የዕቃ መጫኛውን በሽቦ አሳስሮ ነበር ያስረከባት። እሷ ወንበሩን አሰፋች፣ መጫኛውን አስበየደች፣ ዘይቱንም በየአንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትሩ ሳታዛንፍ ታስቀይራለች። የገጠሩ ሰው "ዶክተር" ይላታል። ዶክተር አይደለችም፤ በዲፕሎማ ነው የተመረቀችው። ብዙ ጊዜ ልታርማቸው ሞክራ ትታዋለች።

ዘይቱን የምታስቀይረው ሶዶ፣ ጋሽ ኤርካሎ ጋራዥ ነበር። ኤርካሎ ስልሳ ዓመት ያለፈው መካኒክ ነው። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ቦታ አለው። የፕሮጀክቱን አምስት ሞተር ሳይክሎች በሙሉ የሚጠግነው እሱ ስለሆነ፣ ማን ፍሬን እንደሚያበዛ፣ ማን ማርሽ እንደሚያንገጫግጭ ሞተሩን ከፍቶ ብቻ ይናገራል። ስለ ዘነቡ ሲጠየቅ "እሷ ስታመጣው የምሠራው አጣለሁ" ይላል። ከኤርካሎ አፍ ይሄ ትልቅ ምስጋና ነው።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ አሮን አምስቱንም ባለሙያዎች ሶዶ ወዳለው ቢሮ ጠራቸው።

አሮንና ዘነቡ ኮሌጅ አብረው ነው የተማሩት። ያኔ ጎበዟ እሷ ነበረች፤ የአጥንትና የጡንቻ ስም ያስጠናችው እሷ ናት። በኋላ እሱ ዲግሪውንም ማስተርሱንም ያዘ፣ እሷ እናቷን ስታስታምም ቀረች። ቂም የላትም። እናቷ የሞተች ጊዜ የቢሮውን ፒካፕ ይዞ መጥቶ ሦስት ቀን ሙሉ ከለቅሶ ቤት ያልተለየው አሮን ነው። ድንኳን የተከለው፣ ውሃ ያመላለሰው እሱ ነው። ይሄን አትረሳም።

የዚያን ቀን አሮን ጠረጴዛው ላይ ወርቅማ ጀሪካኖች ደርድሮ ጠበቃቸው።

"ይሄ ሲንተቲክ ነው" አለ። "እስከ ዛሬ የምናስሞላው ተራ ዘይት ነበር። ተራው በየሺህ አምስት መቶው ይቀየራል፤ ይሄ ስድስት ሺህ ይሄዳል። ለፒካፑም ለሞተሮቹም አንድ ዓይነት ነው የገዛሁት። አራት ጊዜ ሶዶ ስትመላለሱ የምታጠፉት ቀን አሁን ለአርሶ አደሩ ይተርፋል ማለት ነው።"

በአረካ በኩል የሚሠራው አብርሃም ወዲያው ወደደው። አብርሃም በቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን መሪ ነው፤ ድምፁ ትልቅ፣ ሳቁ ትልቅ። "እኔማ ለስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ጋሽ ኤርካሎን ካላየሁ ይናፍቀኛል" አለና ሁሉም ሳቁ። ዘነቡም ሳቀች። ጀሪካኗን መጫኛው ላይ አስራ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደች።

ኤርካሎ ጀሪካኑን ተቀብሎ ፊቱን አላየውም። ገልብጦ ጀርባውን አየ። እጁን በጨርቅ ጠርጎ አውራ ጣቱን አንድ ክብ ምልክት ላይ አቆመ።

"ይሄ የመኪና ነው" አለ።

"ለሁለቱም ይሆናል ተብሎ ነው የተገዛው፣ ጋሼ።"

"ማን ነው ያለው?"

"አሮን።"

ኤርካሎ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ያረጀ የፍሪሲዮን ሸራ አወጣ። ቀለበት የመሰለ፣ ጠርዙ የተበላ፣ የሞተሩን ጉልበት ይዞ ወደ ጎማው የሚያሳልፍ ነገር ነው። ዘይት ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ ነክሮ አሳያት።

"የመኪና ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፤ ከሞተሩ ዘይት ጋ አይገናኝም። የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ግን እንዲህ ዘይት ውስጥ ነው ያለው። አንድ ዘይት ነው ሞተሩንም ማርሹንም ፍሪሲዮኑንም የሚያጥበው። ይሄን ዘይት ደግሞ የሠሩት ብረት ከብረት ሳይነካካ እንዲንሸራተት ነው፤ ነዳጅ እንዲቆጥብ። ፍሪሲዮን ከተንሸራተተ ምን ያደርግልሻል? ሥራው መያዝ ነው።"

"ሲንተቲክ ጥሩ አይደለም ማለትዎ ነው?"

"አላልኩም። ሲንተቲክ ጥሩ ነው፤ ከዚህ ከተራው ይበልጣል። ግን የሞተር ሳይክል ሲንተቲክ አለ፣ ጀርባው ላይ ኤም ኤ የሚል ፊደል ያለበት። እሱን ገዝተው ቢሆን እኔ ራሴ ደስ እያለኝ እሞላልሽ ነበር።"

ዘነቡ እዚያው ቆማ ለአሮን ደወለች። አሮን ታግሶ ሰማት።

"ዘኒ፣ ጋሽ ኤርካሎ ጥሩ ሰው ነው፤ እወደዋለሁ። ግን እስቲ አስቢው። ሞተሮቹ በየስድስት ሺህው ብቻ እሱ ጋ ከሄዱ ሥራው ወደ ሩብ ይወርዳል። እሱ ምን እንዲልሽ ትጠብቂያለሽ?"

ይሄ ነገር ለዘነቡ ልክ መሰላት። በኋላ ብዙ ጊዜ ያንገበገባት ይሄ ነው፤ ስምንት ዓመት ያልዋሻትን ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር መጠርጠሯ። ስልኩን ዘግታ "ይሙሉት ብለዋል" አለች። "ብለዋል" ስትል ራሷን ከነገሩ እንዳወጣች ተሰምቷታል።

ኤርካሎ የድሮውን ዘይት አፈሰሰ፣ አዲሱን ሞላ፣ ብሎኑን አጠበቀ። ሸራውን ወደ መደርደሪያው መልሶ ወደ ሌላ ሥራ ዞረ።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ አሮን እንዳለው ሆነ። ሞተሩ ድምፁ ለሰለሰ፣ ማርሹ ቅቤ ውስጥ የሚገባ መሰለ። ሰኔን ሙሉ ወደ ደጋውም ወደ ቆላውም ስትነዳ ዘነቡ በልቧ ኤርካሎን ታዘበችው። ሐምሌ ሲገባ ነው ዳገት ላይ አንድ ነገር የጀመረው። ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ይጮሃል፣ ጎማው ግን የጩኸቱን ያህል አይሄድም። ትንሽ ሲቀዘቅዝ ይስተካከላል። ለአሮን ደወለች።

"የፍሪሲዮኑ ገመድ ላልቶ ይሆናል፣ አስጠብቂው" አላት።

ገመዱን ራሷ አስተካከለችው። ለሁለት ቀን የተሻለ መሰለ።

ከገሱባ በላይ፣ በእግር ሁለት ሰዓት በሞተር ሃያ አምስት ደቂቃ በሚያስኬድ ዳገት ላይ ቦልቴ የሚባል ገበሬ አለ። እንሰትና ጎዳሬ የተከለ፣ ትንሽ ገብስ የሚዘራ፣ አንዲት ላም ብቻ ያለው ሰው ነው። ያለፈው ጥቅምት ላይ ዘነቡ እሱንና ሚስቱን አያልነሽን ለሳምንታት እየተመላለሰች አሳምናቸው ላሟን በተሻሻለ ዝርያ አዳቅላላቸው ነበር። አያልነሽ አልፈለገችም። "ላሟ ትንሽ ናት፣ የፈረንጅ ጥጃ እንዴት አድርጋ ትወልዳለች?" ብላ ነበር። ዘነቡም "ምጥ ሲጀምራት ደውሉልኝ፣ እኔ አለሁ፤ በግማሽ ሰዓት እደርሳለሁ" ብላ ቃል ገባችላት። የቀረው ጭንቀት የላሟ ወተት መስከረም ላይ ለሚከበረው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ፣ ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚለው ብቻ ነበር። አያልነሽ የበዓሉን ቅቤ ከገበያ ላለመግዛት አስባለች።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ቦልቴ ደወለ።

"ዶክተር፣ ጀምሯታል። አንድ እግር ብቻ ነው የወጣው።"

"አትንኳት። ማንም እንዳይጎትት። መጣሁ።"

አንድ እግር ብቻ ሲወጣ ሌላው ውስጥ ታጥፏል ማለት ነው። ዘነቡ ይሄን በደንብ ታውቀዋለች፤ እጅ አስገብቶ ጥጃውን ወደ ውስጥ መልሶ፣ የታጠፈውን እግር አቃንቶ ማውጣት ነው። ብዙ ጊዜ ሠርታዋለች። የሚያስፈልገው በጊዜ መድረስ ብቻ ነው። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች።

ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ወንዙን ተሻግራ ዳገቱን ስትጀምር ሞተሩ ጮኸ። ማርሽ ቀነሰች፤ ይበልጥ ጮኸ። ነዳጅ በሰጠችው ቁጥር ድምፁ ይጨምራል፣ ሞተር ሳይክሉ ግን እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ ሄዶ ቆመ። የተቃጠለ ነገር ሸተታት። አጥፍታ ጠበቀች። አስነስታ ትንሽ ሄደች፣ እንደገና ቆመ። ወርዳ እየገፋች ሞተሩን አስነስታ ከጎኑ ለመሮጥ ሞከረች፤ ጭቃው አንሸራትቷት በጉልበቷ ወደቀች። ስልኳን ስታይ ሦስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

መንገድ ዳር ካለ ቤት በር ላይ የቆመች ሴትዮን "ይሄን ጠብቂልኝ" ብላ ሞተር ሳይክሉን ትታ በእግሯ ጀመረች። የቻለችውን ያህል ሮጠች። ዳገት ላይ በዝናብ ጫማ፣ ቦርሳ አንግቶ መሮጥ ብዙ አያስኬድም። ቦልቴ ሁለት ጊዜ ደወለ። በመጀመሪያው "ደረስኩ" አለችው። ሁለተኛውን አላነሳችም፤ ሮጠች።

ስትደርስ አራት ሰዓት ከሩብ ነበር። ግቢው ውስጥ ብዙ ወንዶች ቆመዋል። ጠብቀው ጠብቀው ስትቀር ገመድ አስረው ጎትተዋል። ጥጃው ሞቶ ሳር ላይ ተጋድሟል፤ ትልቅ፣ ጥቁርና ነጭ፣ እርጥብ። ላሟ በጎኗ ተኝታ ከኋላዋ ደም ይፈሳል። ዘነቡ ተንበርክካ እጇን አስገባች። ማሕፀኑ ተቀዶ ነበር። መርፌ ሰጠች፣ ጨርቅ አስገብታ ያዘች፤ ሁለት እጇን እስከ ክንዷ ደም ውስጥ ከትታ ከአንድ ሰዓት በላይ ሳትነቃነቅ ቆየች። እንደማይሆን አውቃዋለች፤ ግን እጇን ካወጣች ቀና ብላ የሰዎቹን ፊት ማየት ሊኖርባት ነው። ላሟ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሞተች።

አያልነሽ ውሃ በጣሳ አምጥታ ለዘነቡ እጅ አፈሰሰችላት። ውሃው ሲያልቅ "መጣሽ" አለች፣ ቀስ ብላ። ጥያቄ አልነበረም።

ሞተር ሳይክሉን ሶዶ ድረስ በጭነት መኪና ወሰደችው። ኤርካሎ የጎኑን ክዳን ከፍቶ ሸራዎቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ጨርቅ ላይ ደረደራቸው። ጠቁረው፣ እንደ መስታወት ለስልሰው ነበር። "ነግሬሽ ነበር" አላላትም። ቢላት ይሻላት ነበር። አዲስ ሸራ ገጠመ፣ ያንን ዘይት አፈሰሰ፣ ሞተሩን አጥቦ እንደ ድሮው ተራውን ዘይት ሞላበት።

"ከፈለግሽ ያየሁትን እጽፍልሻለሁ" አላት። "የቀሩትን አራት ሞተሮችም ቶሎ ይድረሱባቸው። የነሱም ሸራ ከዚህ አይለይም።"

በማግስቱ አሮን ቢሮው ውስጥ በሩን ዘግቶ አነጋገራት። ሌሊቱን ያልተኛ ይመስላል።

"የገዛሁት እኔ ነኝ፤ የመረጥኩትም የፈረምኩትም እኔ" አለ። "አሁን መስከረም ላይ ገምጋሚዎች ይመጣሉ። ሁለተኛው ዙር የሚፈቀደው እነሱ ባዩት ነው። አስተባባሪው ሳያውቅ የተሳሳተ ዘይት ገዝቶ ሞተር አቃጠለ ከተባለ እኔ ብቻ አይደለሁም የምወድቀው። የአምስታችሁም ኮንትራት ታኅሣሥ ላይ ያበቃል።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

አንድ ገጽ ጽሑፍ አቀረበላት። ፍሪሲዮኑ የተቃጠለው በአነዳድ ጉድለት፣ ዳገት ላይ ፍሪሲዮን ይዞ በመቆየት መሆኑን አምና የምትገልጽበት ነው።

"ምንም አይደርስብሽም። ማስጠንቀቂያ እንኳ አልሰጥሽም። ፋይል ውስጥ የሚቀር ወረቀት ነው።"

"ዘይቱስ?"

"ቀስ ብዬ አስቀይረዋለሁ።"

"የአራቱንም?"

"የአራቱንም። ቃሌ ነው፣ ዘኒ።"

ዘነቡ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። እናቷ የሞተች ጊዜ የተከለው ድንኳን ትዝ አላት። ታኅሣሥም ትዝ አላት። ሰው አልሞተም ብላም አሰበች። ፈረመች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወርሃዊ ሪፖርቷን ልታስገባ ቢሮ ተቀምጣ ሳለች ቦልቴ ገባ። የእሁድ ኮቱን ለብሷል፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል። ከዳገቱ ወርዶ፣ ከገሱባ በሚኒባስ ነው የመጣው። ዘነቡን ሲያያት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላትና ወደ አሮን ዞረ። ከዘነቡ ጋር ሁልጊዜ የሚነጋገሩት በወላይትኛ ነው። ቢሮ ስለሆነ ግን አማርኛ ተናገረ፤ የቦልቴ አማርኛ ደግሞ ወንድና ሴት አይለይም።

"እኔ ለመክሰስ አልመጣሁም" አለ። "እሱ ጥፋት የለውም።" በባርኔጣው ዘነቡን አመለከተ። "ሮጦ ነው የመጣው። በእግሩ። ጉልበቱ ደምቶ ነበር፣ እኔ አይቻለሁ። ሰፈር ላይ ዶክተር ገበያ ውሎ ላም ገደለ ይላሉ። ውሸት ነው። ሞተሩ ነው ያጠፋው። መንገድ ላይ ሞተሩን የጠበቀው ሴትዮ ጭስ ሲወጣ አይቷል። ይሄ እዚህ ይጻፍ ብዬ ነው የመጣሁት።"

አሮን ወንበር ሰጠው። ዘነቡ የፈረመችውን ወረቀት እንደማያሳየው እርግጠኛ ነበረች። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ ፋይሉን አወጣ።

"አባባ፣ ስለ መጡ እናመሰግናለን። ግን ጉዳዩ ተጣርቷል። እሷ ራሷ ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ፈርማለች።"

ቦልቴ ወረቀቱን ተቀብሎ መጽሐፍ ቅዱስ እንደሚያነብ ሰው በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ጣቱን ፊርማው ላይ አቆመ።

"ይሄ ያንተ ነው?" አላት።

"የኔ ነው" አለች ዘነቡ።

ከዚያ በኋላ በወላይትኛ ነው የተናገረው፣ ለሷ ብቻ።

"ታዲያ እኔ ምን ልል ነው የመጣሁት?"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ ለአሮን እጅ ነስቶ ወጣ። ዘነቡ ልትከተለው ተነሳች፤ በሩ ድረስ ሄዳ ቆመች። መንገዱን ተሻግሮ ወደ መናኸሪያው ሲሄድ አየችው። ባርኔጣውን ሳያደርግ በእጁ እንደያዘ ነበር።

መስከረም ላይ፣ በጊፋታ ዕለት፣ ሶዶ ውስጥ አብርሃምን አገኘችው። ከልጆቹ ጋር ነበር፤ አቅፎ ሳማት፣ ስለ መዘምራኑ፣ ስለ አዲሱ መዝሙር አወራት። ሊለያዩ ሲሉ እግረ መንገዱን ጠየቃት።

"ስሚ፣ ያንቺ ሞተር እንዴት ነው? የኔ ዳገት ላይ መጮህ ጀምሯል። ይጮሃል፣ አይሄድም።"

ዘነቡ አሮን ዘይቱን እንዳላስቀየረ ያወቀችው ያኔ ነው። ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከነገረችው "አንቺ እንዴት አወቅሽ?" ይላታል። ከዚያ ስለ ወረቀቱ መናገር ይመጣል። ልጆቹ አጠገቡ ቆመው ነበር፣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል፣ በዓል ነው።

"ገመዱ ላልቶ ይሆናል" አለችው። "አስጠብቀው።"

"እሺ፣ አስጠብቀዋለሁ" አለ አብርሃም።

ያን ቀን ማታ ለአሮን ደወለች። ገምጋሚዎቹ እስኪሄዱ ብቻ ታገሺኝ አላት። ታገሠች።

ጥቅምት ሁለተኛው ሳምንት ላይ አብርሃም ክትባት ይዞ ከአረካ ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ ሲወጣ፣ ሞተር ሳይክሉ ዳገቱ መሃል ላይ እየጮኸ ቆመ። ፍሬን ሲይዝ ጎማው እርጥብ አፈር ላይ ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ከነሞተሩ ቦይ ውስጥ ገባ። ሞተር ሳይክሉ እግሩ ላይ አረፈ፤ ጭኑ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሰዎች መጥተው እስኪያነሱለት ድረስ የክትባቱን ሳጥን ፀሐይ እንዳያገኘው ደረቱ ላይ አቅፎ እንደቆየ በኋላ ተነገረ።

ዘነቡ ሶዶ ሆስፒታል ሄዳ ጠየቀችው። እግሩ በብረት ተወጥሮ ተሰቅሏል። ሚስቱ ኢየሩሳሌም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥለታለች። መጀመሪያ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሐኪሞቹ አወሩ። ከዚያ አብርሃም ጠየቃት።

"ያንቺም ሐምሌ ላይ እንዲህ ሆኖ ነበር አሉኝ።"

"አዎ።"

"ገመዱ ነበር?"

"አይደለም። ዘይቱ ነው። የመኪና ዘይት ነው፤ ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል።"

ኢየሩሳሌም መላጧን አቆመች።

"በጊፋታ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?" አለ አብርሃም።

"አውቅ ነበር።"

አብርሃም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትልቁ ድምፁ የት እንደገባ አይታወቅም።

"ይቅር ብዬሻለሁ" አለ። "አሁን ግን ሂጂልኝ።"

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ኤርካሎ ጋ ሄደች። ኤርካሎ ያየውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ ቀን አድርጎ፣ ፈረመላት። እሷም የራሷን ጻፈች፤ ዘይቱን፣ ላሟን፣ የመጀመሪያው ወረቀት እንዴት እንደተፈረመ፣ ለአብርሃም በጊፋታ ምን እንዳለችው ሳይቀር። አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ ወዳለው ዋና ቢሮ ላከች፣ ሌላውን ለአሮን ራሷ ሰጠችው።

አሮን ቆሞ አነበበው። አልተቆጣም።

"ኮሌጅ እያለን ስሕተት ስሠራ ቀስ ብለሽ በእርሳስ ነበር የምታርሚኝ" አለ። ከዚያ ወረቀቱን አስቀመጠ። "አሁን ሁለት ፊርማ አለሽ፣ ዘነቡ። የትኛው ነው እውነቱ ሲሉሽ ምን ትያቸዋለሽ?"

"ሁለተኛው እላለሁ።"

"ለምን ያምኑሻል?"

እሱ እንዳሰበው አልሆነም፤ ዋናው ቢሮ አመናት። በሳምንቱ ዘይቱ ከሁሉም ሞተሮች ፈስሶ ለሞተር ሳይክል የተሠራ ሲንተቲክ ተገዛ። ኤርካሎ ጀርባውን ገልብጦ አይቶ ሞላው፤ በትክክል ይሠራል፣ ዳገቱንም ያወጣል። ለሁሉም በተላከው ደብዳቤ ላይ ለውጡ የተደረገው "ከባለሙያዎች በተሰጠ አስተያየት መሠረት" ነው ይላል። አሮን ሐዋሳ ወደሚገኝ ሌላ ፕሮጀክት ተዛወረ። ሁለተኛው ዙር ተፈቀደ። የአራቱ ኮንትራት ታደሰ፣ ገና በክራንች የሚሄደው አብርሃም ሳይቀር። የዘነቡ አልታደሰም። ምክንያቱ በሁለት መስመር ተጽፏል፤ በሐምሌ ወር በፊርማዋ ያረጋገጠችው መረጃ ሐሰት መሆኑን ራሷ በማመኗ። ደጋግማ አነበበችው። ይግባኝ የምትልበት አንድ ቃል አጣችበት።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሞተር ሳይክሉን፣ ቁልፉንና የመድኃኒት ሳጥኑን ለአዲሱ ባለሙያ አስረከበች። በማግስቱ ጠዋት በእግሯ ወደ ቦልቴ ቤት ወጣች።

ቦልቴ ከቤቱ ጀርባ ጎዳሬ ይቆፍር ነበር። ዘነቡ ማሳው ዳር ቆማ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረችው። ኤርካሎ እንዳስጠነቀቃት፣ እሷ እንዳላመነችው፣ ለምን እንደፈረመች፣ በአብርሃም ላይ የደረሰውን። ቦልቴ እስክትጨርስ ድረስ ዶማውን ተደግፎ አዳመጠ።

"ይሄን ሁሉ ለኔ ለምን ትነግሪኛለሽ?" አላት። "እኔማ አውቀው ነበር። ልናገርልሽ እዚያ ድረስ መጥቼ የለ።"

"ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው።"

"ላሟን አንቺ አልገደልሽም። ያን ቀንም ብዬዋለሁ።" ዶማውን አነሳ። "ሌላውን እኔ አላውቅም።"

ወደ ቁፋሮው ተመለሰ። አያልነሽ ከቤት ወጥታ ቆማ ነበር። በእንግድነት የመጣ ሰው ባዶ ሆዱን አይሸኝምና፣ የተቀቀለ ጎዳሬ ከዳጣ ጋር በሳህን አቅርባ መቀመጫ ሰጠቻት። ዘነቡ አልራባትም፤ ግን እምቢ ማለት አልቻለችም። በረቱ ፊት ለፊት ተቀምጣ በላች። አያልነሽ ሳህኑን ተቀብላት ገባች። ዘነቡ ትንሽ ጠብቃ፣ የሚወጣ ሰው ስታጣ፣ ተነስታ ቁልቁለቱን ጀመረች።